ሴራ የለውም

እህቴ ባለ ሎሪውን ሳታገባ የቀረችው በአንድ ቃል ምክንያት ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ «እንዴ፣ ትዳር በቃል ይቀራል?» ይሉኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ስቄ ስጨርስ ግን ያው ግራ እንደገባኝ ነኝ። ነገሩን ከየትም በኩል ብጀምረው መሀል ላይ ይጠፋብኛል። መጀመሪያው የቱ ነው? ምክንያቱ የቱ ነው? ጥፋቱስ የማን ነው? ስንት ዓመት ባወጣው ባወርደው አልተገለጠልኝም። ብልጥ መስዬ የምተርከው ነገር ስላልሆነ እንደመጣልኝ እናገራለሁ።

ጊዜው ጃንሆይ ገና በዙፋናቸው ላይ ያሉበት ነው። እኔ ዲላ ዘጠነኛ ክፍል እማር ነበር። ቤታችን ከከተማው በላይ፣ ዳገቱ ላይ፣ ከቡናውና ከእንሰቱ መሀል ነው። ቤት ውስጥ ጌዴኦኛ እናወራለን፤ አማርኛ የትምህርት ቤትና የገበያ ቋንቋችን ነበር። አባቴ አማርኛን እንደ ተዋሰው ጫማ ነበር የሚያደርገው፤ ይሄድበታል ግን ይጠበዋል። ሴቱንም ወንዱንም «እሱ» ይላል፤ ዳኛውንም ሕፃኑንም «አንተ» ይላል። እናቴ የጸሎት ቤት ሰው ነበረች። አባቴ እሑድ እሑድ እስከ ጸሎት ቤቱ በር ያደርሳትና እሱ ወደ ሶንጎው ይመለሳል። ሶንጎ ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው የሰፈሩን ነገር የሚያዩበት ሸንጎ ነው፤ አባቴ እዚያ ሲናገር ሰው ዝም ብሎ ይሰማዋል። ሀብታችንም ይኸው ነበር፤ ቡናው፣ እንሰቱ፣ ወንዝ ዳር ያለችው ቁራሽ መሬትና የአባቴ ቃል።

እህቴ በአራት ዓመት ትበልጠኛለች። ትምህርት ቤት አልገባችም። ከሁለታችን አንዳችን እናቴን ማገዝ ነበረብን፤ ታላቅ ስለሆነች እሷ ቀረች። ቅር ይበላት አይበላት እንጃ፤ እህቴ ሲከፋትም ደስ ሲላትም ያው አንድ ፊት ነው ያላት። እኔ ለፍላፊ ስለሆንኩ ዝም ያለ ሰው ሁሉ የፈራ ይመስለኝ ነበር። ይህ ሞኝነቴ በኋላ ዋጋ አስከፈለኝ፤ እኔን ሳይሆን እሷን።

ባለ ሎሪው ዲላ ተወልዶ ያደገ የነጋዴ ልጅ ነው። አባቱ ከሰሜን መጥተው ዋናው መንገድ ላይ ሱቅ ከፍተው የቀሩ ናቸው። እሱ ከፍስሐ ገነት በኩል ቡና እየጫነ ሲመላለስ ሀብታም ሆነ። ቤቱ ቆርቆሮ ክዳን ነው፤ መስኮቱ መስተዋት አለው። እኛም ቡናችንን የምንሸጠው ለእሱ ነበር፤ በገበያ ቀን ጭነቱን ተሸክማ ወደ ሚዛኑ የምትወርደው እህቴ ነች። አንድ ቀን ይህ ሰው እህቴን ሊጠይቅ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ መጡ፣ «እንመክርበታለን» ተባሉ፣ ሄዱ፤ ሁለተኛ መጡ፣ ያው ተባሉ። በሦስተኛው ቁርጡ ይነገራቸዋል። ትሰጥ ይሆን አትሰጥ ይሆን በሚል ቤታችን ውስጥ ሌላ ወሬ ጠፋ። እናቴ ትጸልያለች፤ አባቴ ጢሙን ይፈትላል፤ እህቴን ግን ማንም ምንም አልጠየቃት። በደንቡ እንዲያ ነው።

በዚያው ሰሞን እህቴ ሁለት ጊዜ ወጥ አሳረረች፤ አንድ ቀን ደግሞ ውሃ ሞልታ የመጣችበትን እንስራ ደጃፍ ላይ ሰበረችው። «ፈርታለች» አልኩ በሆዴ። ያንን ሁሉ ሀብት፣ ያንን ሁሉ ቆርቆሮ ፈርታለች። አዘንኩላት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጓሮ ቁጭ ብዬ ስጽፍ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች።

«አንድ ቃል እንዴት እንደሚጻፍ አሳዪኝ» አለችኝ።

«የትኛውን?»

«እሺ።»

«ከቃል ሁሉ እሺን?»

«ከባድ ነው እንዴ?»

«ምኑ ይከብዳል፣ ሁለት ፊደል ናት» አልኩና አሳየኋት። የእንሰት ቅጠል ገልብጣ በከሰል ትለማመድ ጀመር። እ ቶሎ ወጣላት፤ ሺ ግን አስቸገራት፤ እግሯ እየተንጋደደ አንዴ ወደ ውስጥ አንዴ ወደ ውጭ ይሄድባታል። ቅጠሉ ሲሞላ ሌላ ቅጠል ቆረጠች። በመጨረሻ ከደብተሬ ቅዳጅ ወረቀት ለመነችኝ፤ ሰጠኋት። ፊደል አማራት ብዬ ደስ አለኝ፤ ወዲያው ወደ ራሴ ጽሑፍ ተመለስኩ።

ስጽፍ የነበረው ለአማርኛ ክፍለ ጊዜ የታዘዝነውን አጭር ልብ ወለድ ነው። መምህራችን ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነበር፤ ጠመኔው ከእጁ፣ ሳቁ ከፊቱ የማይጠፋ። «ስለ ትዳርና ስለ ሀብት ጻፉ» አለን፤ ከዚያ ሰሌዳው ላይ አንድ ትልቅ ቃል ጻፈ፤ ሴራ። ከሥሩ አንድ ጋራ ሳለ። ሌላው ተማሪ አንገቱን ደፍቶ ሲገለብጥ እኔ ፈገግ ብዬ ቀረሁ። የቤቴ ቃል ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር! በጌዴኦኛ ሴራ ሕግ ነው። ማን ማንን ያገባል፣ ማን ቀድሞ ይናገራል፣ ሽማግሌ ሲመጣ ማን የት ይቀመጣል፣ የትኛው ዛፍ አይቆረጥም፣ ይህ ሁሉ ሴራ ይባላል። አባቴ በየቀኑ የሚናገረው ቃል ነው። ስለዚህ የመምህሩን ማብራሪያ አልሰማሁም። የማውቀውን ነገር ምን አድክሞኝ እሰማለሁ ብዬ መስኮት መስኮት ሳይ ዋልኩ።

እናም ስድስት ገጽ ጻፍኩ። ሀብታሙ ሰው ሽማግሌ ይልካል፤ ሽማግሌዎቹ በሥርዓቱ ይቀመጣሉ፤ ሁለቴ ይመለሳሉ፤ በሦስተኛው ቃል ይሰጣቸዋል። የጥሎሹ ማር ይመጣል፤ ለአባቷ ቡልኮ ይደረብለታል፤ ሴቶቹ ይዘፍናሉ፤ ሽማግሌዎች ይመርቃሉ፤ ሙሽራዋ ትሄዳለች። አለቀ። የሚጣላ የለ፣ የሚያለቅስ የለ። አንዲት ሴራ አላጎደልኩም ብዬ ኮርቼ ሰጠሁት።

ደብተሩ ሲመለስልኝ በቀይ ቀለም «ሴራ የለውም» የሚል ተጽፎበታል።

ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ምኑ ነው የሌለው? እንዲያውም ከሴራ በቀር ምንም የለውም! የሽማግሌዎቹን አቀማመጥ እንኳ በዕድሜ በዕድሜ ጽፌ ነበር። እቤት ስገባ አባቴ ፊቴን አይቶ «ምን ሆንሽ?» አለኝ። በጌዴኦኛ ነገርኩት፤ ያቺን ቃል ግን መተርጎም አላስፈለገኝም፤ እንዳለች ይዣት ገባሁ። «መምህሩ የጻፍሽው ሴራ የለውም አለኝ» አልኩት።

አባቴ የያዘውን ማጭድ አስቀመጠ። «የማን ልጅ ነው ሴራ የሌላት?» አለ። በማግስቱ ጠዋት ቡልኮውን ደርቦ ከፊቴ ቀድሞ ወረደ።

መምህሩ ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻውን ነበር። ሲያየን ከወንበሩ ተነሳ። አባቴ ሰላምታውን አንድ በአንድ፣ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ጤናው ጠይቆ ከጨረሰ በኋላ፣ «አንተ ነህ ልጄ ሴራ የለውም ያልከው?» አለው።

«አዎ አባቴ፤ ማለቴ ሴራ ይጎድለዋል።»

«የእኔ ልጅ?»

«የልጅዎ ጽሑፍ።»

«ጽሑፉን ማን ጻፈው?»

«ልጅዎ ናት የጻፈችው።»

«እህ! ሴራ ያለው ልጅ ሴራ የሌለው ነገር ከየት ያመጣል?»

መምህሩ ወደ እኔ አየ። እኔ ጣራውን አየሁ። ምስኪን፣ ጠመኔውን አንስቶ ያንኑ ጋራ ሳለለት። «አባቴ፣ እዚህ ሴራ የምንለው ሌላ ነው። ይመልከቱ፤ ‹ሀብታም ሰው ነበረ፣ አንዲት ልጅ አገባ።› ይሄ ወሬ ነው። ‹ሀብታም ሰው አንዲት ልጅ ሊያገባ ፈለገ፤ የፈለጋትም ስለዚህና ስለዚህ ነው› ካልን ግን ሴራ መጣ። ያቺ ‹ስለ› ነች ታሪኩን ጋራ የምታስወጣው። ከዚያ ነገሩ ይጋጫል፤ ጫፍ ላይ ሲደርስ ይከርራል፤ በዚህ በኩል ደግሞ ይፈታል።»

አባቴ ወደ ሰሌዳው ጠጋ አለ። «ጋራው ጫፍ ላይ ነው የሚከርረው?»

«አዎ።»

«እኛ ጋራ ጫፍ ላይ ስንደርስ እናርፋለን» አለና ተሰናብቶት ወጣ።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ስንስቅበት እንኖር ነበር። ግን ያቺ «ስለ» አባቴ ጆሮ ገብታ ቀረች። ዳገቱን ስንወጣ እኔን ረስቶ ለራሱ ያወራ ጀመር። «ያ ልጅ ሴራ አያውቅም፤ ‹ስለ›ውን ግን ደህና ተናገረ። ይሄ ባለ ሎሪ የእኔን ልጅ የሚፈልገው ስለምንድን ነው? ዲላ ሴት ጠፍቶ ነው? የነጋዴ ልጅ ጠፍቶ ነው?» ቆም አለና ወደ ታች፣ ወደ ወንዛችን አየ። እኔም አየሁ። ወንዙን አይቶ ያሰበው ነገር ይኑር አይኑር አላውቅም፤ ምናልባት ትንፋሽ ሊስብ ነው የቆመው። ይህን እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ያንኑ ቀን ታሪኩን እንደገና ጻፍኩት። መምህሩ ጋራ ከፈለገ ጋራ አወጣለታለሁ ብዬ በእልህ ጀመርኩ። «ስለ» ያስፈልገኛል፤ ባለ ሎሪው ስለምን ፈለጋት? ወንዛችን ትዝ አለኝ። ያኔ ቡና በውሃ አጥቦ መሸጥ መምጣቱ ነበር፤ ለማጠቢያ ደግሞ ወንዝ ዳር ያለ መሬት ያስፈልጋል ሲባል ሰምቻለሁ። አገኘሁት! ሀብታሙ ሰውዬ ልጅቷን የሚፈልገው ለአባቷ መሬት ነው። ሙሽራዋ በሰርጉ ቀን ምስጢሩን ታውቃለች። በሕዝቡ ፊት ትነሳና «የምትፈልገው ወንዙን ከሆነ ወንዙን አግባ!» ብላው ነጠላዋን ወርውራ ትሄዳለች። ይህችን ስጽፍ ራሴ ብድግ ብዬ ቆምኩ። ከራሴ የወጣ ውሸት መሆኑን ረስቼ ሰውየውን ጠላሁት። ሰውየው ግን በሚዛኑ አጭበርብሮን አያውቅም፤ ክፉ ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። ጋራው ስላስፈለገኝ ክፉ አደረግሁት።

መምህሩ አንብቦ ሲጨርስ «አሁን ገና ወጣሽ!» አለኝ። ክፍል ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው፤ ከዚያ በእጁ ገልብጦ የትምህርት ቤቱ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ለጠፈው። በታሪኩ ውስጥ ስም የለም። ግን ሎሪ አለ፣ የመስተዋት መስኮት አለ፣ ዲላ ውስጥ ደግሞ ይህንን አንብቦ የማያውቀው ማን ነው? የባለ ሎሪው የእህቱ ልጅ ከእኔ ጋር ነበር የምትማረው። ወዲያው እየሮጠች እቤቷ አደረሰችው። በሳምንቱ የገበያ ተሸካሚ ሳይቀር ሰውየውን ባየው ቁጥር ከኋላው «ወንዙን አግባ!» ይለው ጀመር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ይኼ ነው፤ ልመልሰው ብል በምን በኩል?

በዚህ መሀል ሽማግሌዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ መጡ። አባቴ ቁርጡን በመንገር ፈንታ «ስለምን እንደፈለጋት ይንገረን» አላቸው። እንዲህ ያለ ጥያቄ በሥርዓቱ የለም፤ ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «ወዷት ነዋ» አሉት። ለአባቴ ይህ መልስ አልሞላለትም፤ «አስቡበት» ብሎ ሸኛቸው። እህቴ ጓዳ ሆና ሰምታለች። ስገባ እንጨት ትሰብር ነበር፤ ፊቷ ያው ነው።

ከሁለት ቀን በኋላ ባለ ሎሪው ራሱ መጣ። በቀትር፣ ብቻውን፣ ያለ ሽማግሌ። ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ በልቶታል። አባቴ የመጣበት አኳኋን ቢያስከፋውም እንግዳ ነውና ዱካ አቀረበለት። እኔ በሩ ጥግ ቆሜያለሁ።

«አባቴ» አለ ሰውየው። «እኔ እርስዎን አክብሬ ነው የመጣሁት። ከተማው ውስጥ የሚባለውን ሰምተዋል። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። በዚህ ነገር ውስጥ ሴራ አለ ወይስ የለም?»

አባቴ ፊቱ በራ። ከመምህሩ ወዲህ ስለ ሴራ የጠየቀው ሰው አልነበረም። «አለ እንጂ!» አለው። «ሴራ የሌለው ቤት ልጅ ይሰጣል?»

በከተማው አማርኛ ሴራ ማለት ተንኮል ነው፤ በሰው ላይ በድብቅ የሚጠነሰስ፣ የሚሸረብ። ሰውየው የጠየቀው ያንን ነው።

«ማን ማን አለበት?» አለ ቀስ ብሎ።

«ሁላችን አለንበት። እኔም፣ ጎረቤትም፣ ሶንጎው በሙሉ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ዱሮ ነው! አንተ ሽማግሌ ሳትልክ በፊት። እኔ ራሴ ሳልወለድ በፊት።»

ሰውየው ይህችን እንደ ፌዝ ወሰዳት መሰለኝ፤ ፊቱ ጠቆረ። «ልጅቷስ?» አለ። «እሷም ታውቃለች?»

«ልጁማ ዋናው ነው!» አለ አባቴ፤ ስለ እህቴ መናገሩ ነበር፤ ኩራቱ በድምፁ ይሰማል። «ከሕፃንነቱ ጀምሮ እኔ አስተምሬዋለሁ። ሴራ ሳያውቅ እንዴት ያገባል?»

ባለ ሎሪው ተነሳ። ከኮቱ የደረት ኪስ አንዲት የታጠፈች ቅዳጅ ወረቀት አወጣና ገልጦ አያት፤ ከዚያ ወደ ጓዳው በር አየ፤ ወረቀቷን አጥፎ መለሳት። የቡና መጫኛ ደረሰኝ ነው ብዬ አሰብኩ። «እግዚአብሔር ይይልዎ» አለና ዳገቱን ወረደ። አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «ምን አጠፋሁ?» አለኝ።

ዛሬም ድረስ እዚህ ቦታ ላይ ስደርስ ያልበኛል። እዚያ ቤት ውስጥ ሁለቱንም ሴራ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር፤ «አባቴ ሕግ ማለቱ ነው» ማለት። አላልኩም። ለምን አላልኩም? ትልልቅ ሰዎች ሲነጋገሩ ሴት ልጅ አትገባም፤ ይህም ሴራ ነው፤ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሁለተኛው፣ ታሪኩን የጻፍኩት እኔ መሆኔ ከተነሳ አባቴ እንዳያውቅ ፈራሁ። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ደግሞ ደስ ብሎኝ ነበር። እህቴን ከማትፈልገው ሰው አዳንኳት ብዬ ነበር የማስበው። ታሪኬ በእውነት ጋራውን ወጥቶ የወረደ መሰለኝ።

ወደ ጓዳ ገባሁና «ሄደ» አልኳት።

«ሰማሁ» አለችኝ። ከዚያ «ሰው ሁሉ የሚያወራውን ያንቺን ታሪክ አንብቢልኝ» አለች። ወደ ጌዴኦኛ እየመለስኩ አነበብኩላት። «ወንዙን አግባ» የምትለው ላይ ስደርስ ድምፄን ከፍ አደረግሁ፤ እንድትስቅልኝ ፈልጌ ነበር። አልሳቀችም።

«ሙሽራዋን እንዲህ በይ ያላት ማነው?» አለችኝ።

«ማንም። እኔ ነኝ የፈጠርኳት።»

«ጠይቀሻታል?»

«ማንን?» አልኳት። አዲሱን እንስራ ይዛ ወደ ውሃ ወረደች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ ያኔም ጭሱ ነው አልኩ። ከውሃ የምትመጣ ሴት ምን ጭስ ያገኛታል? አላሰብኩትም።

ግራ የሚያጋባኝ ደግሞ ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። በዓመቱ ባለ ሎሪው የጎረቤታችንን ልጅ አገባ፤ በዚያው ክረምት ወንዙ ዳር፣ ከእኛ መሬት ቀጥሎ፣ የጎረቤታችን መሬት ላይ የቡና ማጠቢያ ሠራ። አባቴ «አየሽ!» አለኝ። መምህሩ ቢሰማ ምን ያህል ይደሰት ነበር፤ ግን ወደ ሌላ አገር ተዛውሮ ነበር። እኔ ግን ምን ማለት እንዳለብኝ አላውቅም። ያልኩት እውነት ሆኖ ይሆን? ወይስ ሰውየው ማጠቢያ የሚባለውን ነገር አስቦት የማያውቅ ሆኖ ከእኔ ታሪክ ተማረው? ወይስ «ወንዙን አግባ» እያሉ ሲያበሽቁት በእልህ አገባው? ልጅቷን ስለ መሬቱ አገባ ወይስ መሬቱን ስለ ልጅቷ ገዛ? መምህሩ «ስለ» ካለ ሁሉ ነገር ይገለጣል ብሎን ነበር። እኔ ጋ አራት «ስለ» አለ፤ አንዱም አልገለጠልኝም። የጎረቤታችን ልጅ ደግሞ ጠግባ ለብሳ፣ ስቃ ነው የምትኖረው፤ ገበያ ላይ ስታገኘኝ ታቅፈኛለች።

እህቴ ደጋው ላይ፣ ቡሌ ተዳረች። ሰውየው ደህና ገበሬ ነው፤ እንሰትና ጥቂት ከብት አለው። በሥርዓቱ ሽማግሌ ላከ፣ በሦስተኛው ተሰጠው፤ «ስለምን» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ ማስተማር ስጀምር በእግሬ ቀኑን ሙሉ ዳገት ወጥቼ ልጠይቃት ሄድኩ። ብርዱ አጥንት ይገባል። እሳት ዳር አስቀምጣ ጋቢ ደረበችልኝ። ልጇ ጭኗ ላይ ተኝታለች።

ብዙ ካወራን በኋላ «ያቺን የመጀመሪያዋን ንገሪኝ» አለችኝ።

«የቷን?»

«መምህሩ ሴራ የለውም ያለሽን።»

ወረቀቱ ከጠፋ ቆይቷል። ግን በቃሌ ነገርኳት፤ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ፣ ሲቀመጡ፣ ሁለቴ ሲመለሱ፣ በሦስተኛው ቃል ሲሰጣቸው። ዓይኗን ጨፍና ትሰማኛለች። ማሩ መጣ ስላት «የለም፣ ቡልኮው ይቀድማል» ብላ አረመችኝ፤ አስተካክዬ ቀጠልኩ። ምርቃቱን፣ ዘፈኑን፣ እስከ መጨረሻው። «ሙሽራዋም ሄደች» ብዬ ጨረስኩ።

«ሙሽራዋ ምን አለች?» አለችኝ።

«እዚያኛው ላይ ምንም አላለችም። አልጻፍኩላትም።»

«ብላለች እንጂ» አለች። ከምድጃው ጫፉ የከሰለ እንጨት መዘዘችና ፊቷ ያለውን አመድ ደልድላ ጻፈችበት። እ ቀጥ ብላ ወጣች። ሺ አሁንም እግሯ ተንጋደደ። «ባንቺ ወረቀት ጽፌ ሚዛኑ ላይ ቡናውን ሳስረክብ በእጁ ሰጠሁት» አለችኝ።

ያቺ ከደረት ኪሱ ያወጣት ቅዳጅ ፊቴ መጣች። አባቴ «ልጁማ ዋናው ነው» ሲለው ሰውየው ወረቀቷን አይቶ ወደ ጓዳው የተመለከተው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። እሺታዋንም የተንኮሉ ክፍል አድርጎ ይዞት ሄደ። እኔ ደግሞ በሩ ጥግ ቆሜ ነበር።

«ለምን ያኔ አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«እሺን አንቺ እኮ ነሽ ያስተማርሽኝ» አለችኝ። አመዱን በመዳፏ አበሰችና ቆጮው እንዳያርር ገለበጠችው።